በማንም ስም ያልተመዘገበችው ድስት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት በስሜ ያለ ንብረት ሁሉ ተቆጠረ። አንድ የአሳ መረብ፣ ሁለት ሚዛን (አንዱ የማይሠራ)፣ የውሃ ሙቀት መለኪያ፣ ሦስት ጀሪካን፣ አንድ ጥንድ ቦቲ ጫማ፣ አንድ መደርደሪያ። የምትተካኝ አምና የተቀጠረች ሰላም የምትባል ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ ፈጣን፣ በሥራ ላይ ቀልድ የማታውቅ። ዝርዝሩን አንድ በአንድ እያየች ምልክት ስታደርግ ቆየችና መደርደሪያው ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እትዬ ጥሩዓለም፣ ይቺ ድስት በማን ስም ናት?»

እስክሪብቶ የማኖርባት የሸክላ ድስት ናት። ከሁለት ጭልፋ በላይ የማትይዝ፣ ቂጧ በጥላሸት የጠቆረ፣ ከንፈሯ ትንሽ የተሸረፈ።

«በማንም ስም አይደለችም» አልኳት።

«እንግዲያ ወይ እንመዝግባት ወይ እንጣላት። ትርፍ ንብረት ሲያገኝ ኦዲተሩ ይጮኽብኛል።»

«አትመዝግቢያት። ለባለቤቷ እመልሳታለሁ።»

«ድስቷ ባለቤት አላት እንዴ?»

አላት። እስክሪብቶዎቹን ለሰላም ተውኩላትና ድስቷን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ፤ የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ። ስለ ኩሬዎቹ፣ ስለ ትጋቴ፣ ስለ ዝምታዬም ሳይቀር ተናገሩ። ስለ ድስቷ ግን ከመካከላቸው የሚያውቅ አልነበረም። እኔም በዚያ ሁሉ ምስጋና መሀል ተነሥቼ መናገር አልቻልኩም። መናገር ድሮም አይሆንልኝም፤ መጻፍ ይሻለኛል።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ቢቸና ውስጥ እኩዮቼ ልጅ ሲያዝሉ እኔ አንደኛ ክፍል ገባሁ። ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ ስላለኝ ከኋላ ቆሜ ነበር የምማረው። ትንንሾቹ «ባልቴቷ» ይሉኛል፤ እኔ ዝም። ከዚያ የማታ ትምህርት፣ ከዚያ የእርሻ ኮሌጅ። ዘግይቶ ፊደል የቆጠረ ሰው በታተመ ነገር ላይ ያለው እምነት ከሌላው ይበልጣል። ሌሎች መጽሐፍን እንደ ጎረቤት ያዩታል፤ እኔ እንደ ንስሐ አባት ነበር የማየው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ይመጣል።

በእንስሳት ሀብት ተመርቄ ቢቸና ስመደብ የከብቱም የበጉም የንቡም ሥራ ባለቤት ነበረው። የቀረው አሳ ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ ወረቀቱን ሲሰጡኝ በሐዘኔታ ነበር።

«በደጋ አገር አሳ! እንግዲህ አንቺ ነገረኛ አይደለሽም፣ ቻይው።»

ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለጫማ ይበቃ ነበር። ጫማው ነበር ቶሎ የሚያልቀው። በየመንደሩ ስንሄድ የሚገጥመን ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ከእባብ በምን ይለያል?» «እሾሁ ልጅ ቢያንቅስ?» «የሀብታም ምግብ ነው እንጂ ለድሃ ምን ይረባዋል?» እኔ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን እነግራቸዋለሁ፤ አሳ ገንቢ ምግብ ነው፣ ለልጅ አጥንት ነው፣ ለነፍሰ ጡር ደም ነው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡኛል። ከዚያ ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ደምሰው ናቸው። ጣና ዳር ብዙ ዓመት ሠርተው ወደ ቢቸና የተዛወሩ፣ አጭር፣ እጀ ሰፊ፣ መሬቱን እንደሚያዳምጥ ሰው ጎንበስ ብለው የሚሄዱ ሽማግሌ። እኔ እስከዚያ ድረስ በሕይወት ያለ አሳ በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር።

ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ኩሬ ዳር ይደርሳሉ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ቀጥ አድርገው እስከ ክርናቸው ውሃው ውስጥ ይከታሉ። እዚያ ጥልቀት ላይ የጣቶቻቸው ጫፍ ከታያቸው «ተርቧል» ይላሉ፤ ውሃው አልለመለመም፣ ፍግ ይጨመርበት ማለት ነው። ክንዳቸው ግማሽ ሳይገባ መዳፋቸው ከጠፋ ደግሞ «ጠግቧል፤ አትንኩት»። የለመለመው ውሃ ለአሳው መኖው ነው፤ ሲበዛ ግን አየር ያሳጣዋል። አሳዎቹ በማለዳ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ሲያዛጉ ካዩ ሳይናገሩ ወደ ምንጩ ይሮጡና አዲስ ውሃ ይለቁባቸዋል። ከዚያ በኋላ ነው ሰላምታ የሚሰጡን።

በደጋ ብርድ አሳ ቶሎ አያድግም። ስለዚህ ቦታ ሲመርጡ ምንጭ ያለበትን፣ ነፋስ የማይመታውን፣ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ የሚያገኘውን ተዳፋት ይፈልጋሉ። የምንጨምረው ቆሮሶ የሚባለውን ቅርፊታም አሳ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ እስኪፈለፈል ድረስ ምንም እንደማትበላ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። አንዷን ከመረብ አንሥተው፣ ጉንጯ ያበጠውን፣ «ይቺ እየጾመች ነው፣ አትረብሿት» ብለው ቀስ አድርገው መለሷት።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ሁለት ልማዳቸውን ነው።

አንደኛው ጥያቄያቸው ነው። ሰው ቤት ስንገባ ስለ ኩሬ አይጠይቁም። ከቤቱ ሁሉ ትንሹን ልጅ ፈልገው ቁጢጥ ይሉና «ዛሬ ምን በላህ?» ይሉታል። መልሱን እስኪሰሙ አይነሡም። ለምን እናቲቱን እንደማይጠይቁ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«እናት የምትነግርሽ ልታበላው ያሰበችውን ነው» አሉኝ። «ልጁ ግን የበላውን ይነግርሻል።»

ሁለተኛው ድስት ነው። ያገራችንን ጾም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጾም ሲገባ የቤቱ ዕቃ ሁሉ የጾም ይሆናል። እንቁላል ወይም ወተት የነካው ድስት ለቤተሰቡ አይሆንም። ስለዚህ ገና ሰባት ዓመት ያልሞላው፣ መጾም የማይገባው ሕፃን ከትልልቆቹ ጋር ይጾማል። ማንም ክፉ አስቦለት አይደለም፤ የራሱ ድስት ስለሌለው ነው። አሳም ቢሆን አንዱ ቤት በጾም ይበላል፣ ሌላው ቤት አይበላም፤ የማይበላው ቤት ዕቃውን አያስነካም። ጋሽ ደምሰው በዚህ ነገር ከማንም ጋር ሲከራከሩ አላየኋቸውም። ኩሬ ተቆፍሮ ባለቀ ቁጥር ቢቸና ገበያ ወርደው አንዲት ትንሽ የሸክላ ድስት ይገዛሉ። ለእናቲቱ ሲሰጡ «ይቺ የልጁ ናት፤ ለሌላ አትጣጅባት» ይላሉ። በቃ።

«የኩሬውን ስፋት ለአለቃሽ በሜትር ንገሪው» አሉኝ። «ለራስሽ ግን ይቺ ድስት በሳምንት ስንቴ እንደተጣደች ጠይቂ። ካልተጣደች ኩሬ አልቆፈርሽም፤ ጉድጓድ ነው የቆፈርሽ።»

ጋሽ ደምሰው ጡረታ ወጥተው ወደ ልጆቻቸው ሲሄዱ እኔ ወደ ግንደወይን ተዛወርኩ። እዚያ አንድ ዓመት ነበርኩ፤ በዚያ ዓመት የጠገቡት ወፎች ናቸው። የኩሬውን ዳር ጥልቅ አድርጌ ባለማስቆፈሬ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች እየገቡ አሳውን ሲለቅሙት ከረሙ። የኩሬው ባለቤት «እትዬ፣ የወፎቹ ልጆች ወፍረዋል፣ ሥራሽ ተሳክቷል» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ወደ ሞጣ ተዛወርኩና በዚያው ቀረሁ።

ይታይሽ የምትኖረው ከሞጣ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ነው። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ የሚከርም፣ ማኅደር የምትባል የሁለት ዓመት ልጅ ያላት፣ ወጣት ሴት። ከቤቷ በታች ምንጭ ነበራት፤ ነፋስ የማይመታው፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ። ጋሽ ደምሰው ቢያዩት ጎንበስ ብለው አፈሩን በጣታቸው ያሹት ነበር።

ማኅደርን መጀመሪያ ያየኋት ቀን በር ላይ ተቀምጣ ነበር። ዝንብ ፊቷ ላይ ሲያርፍ እንኳ አታባርርም። የሕፃናት ክንድ የሚለካበት ጥብጣብ ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ አረንጓዴ ደኅና፣ ቢጫ አስጊ፣ ቀይ አደጋ። የማኅደር ክንድ ቢጫው ላይ፣ ያውም ወደ ቀዩ ተጠግቶ ቆመ።

ኩሬው ተቆፈረ። ሸክላ አፈሩን ሰፈርተኛው ሁሉ በእግሩ ረግጦ አጠበቀው፤ ቆሮሶ ጨመርንበት። እኔ ከሞጣ ገበያ ድስቷን ገዝቼ ወሰድኩላት። ይታይሽ ድስቷን አገላብጣ አየቻትና ሳቀች።

«አይ እትዬ፣ ይቺ እኮ የአሻንጉሊት ናት!»

«ለማኅደር ትበቃለች።»

ጾም ላይ ነበርን። የመንደሩ የቅኔ መምህር የኔታ፣ ይታይሽ ሄዳ ስትጠይቃቸው፣ «እኔ በጾም አሳ አልበላም። ልጅቷ ግን ገና ሕፃን ናት፤ ድስቷ ከተለየ ምን ያከራክራል?» አሏት። እሷም ያን ይዛ ድስቷን ለማኅደር መጣድ ጀመረች።

አሳዎቹ በዓመቱ ተባዙ። በብርዱ ምክንያት ከጣት ብዙም አልበለጡም፤ ኩሬው ግን ሞላ። ሌላ ሰው ቢሆን ይጥላቸው ነበር። ይታይሽ በወንፊት እየቀዳች፣ ሆዳቸውን በእሾህ እየሰነጠቀች፣ አጥባ፣ ጨው ነስንሳ፣ ሰፌድ ላይ ፀሐይ ታሰጣቸዋለች። ሲደርቁ ከነእሾሃቸው፣ ከነራሳቸው በሙቀጫ ትወቅጣለች፣ ትነፋለች። ዱቄቱን በጠርሙስ አኑራ ከአጥሚት ጋር በዚያች ድስት ለማኅደር ትሠራለች። ማንም አላስተማራትም።

«በርበሬ እንደዚሁ አይደል የምናደርገው?» አለችኝ ስጠይቃት። «እሾሁን ከመልቀም መውቀጡ ይቀላል።»

ወደ ሙስሊም ጎረቤቷ ቤትም ዱቄቱ ይወሰዳል። የሥጋ ሰሃን የሚለያዩ ጎረቤቶች አሳ ላይ ሲደርሱ ይገናኙ ነበር፤ ልጆቻቸው ከአንድ ሳህን ሲበሉ አይቻለሁ። የማኅደር ክንድ ወደ ቢጫው መሀል፣ ከዚያ ወደ አረንጓዴው መጣ። በሩ ላይ መቀመጥ ትታ ዶሮ ማባረር ጀመረች። «ዛሬ ምን በላሽ?» ስላት «አሻ!» ትለኛለች፣ ጥርሷን ሁሉ እያሳየች።

ይህን ሁሉ ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት በአንድ መስመር ነው፦ «ትንንሾቹን ለልጅ ትጠቀምባቸዋለች።» ገጹን የሞላሁት በአሳዎቹ ክብደት ነው።

በሞጣ የነበሩት አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበሩም። ከበላይ እንግዶች መጥተው ኩሬውን ሊጎበኙ ነው ተባለ።

«ጥሩዓለም፣ እንደ ጣት የቀጠነ አሳ ለእንግዳ ላሳይ? ፎቶ ላይ እኮ አይታይም።»

እኔም አፍሬ ነበር። ሠርቼ ያሳደግኩት ነገር ትንሽ መሆኑ ያሳፍረኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ መጽሐፌን ገለጥኩ። መልሱ ተጽፎ አገኘሁት፤ ቆሮሶ ከመጠን በላይ ሲራባ ጫጩቶቹን የሚበላ አሳ ይጨመርበት፣ የቀሩት ይፋፋሉ። የሚጨመረው አምባዛ ነው። ልኩን አሰላሁ፣ ደግሜ አሰላሁ። ስሌቱ ትክክል ነበር። ዛሬም ባሰላው ያው ነው።

ባሕር ዳር ሄጄ አምባዛዎቹን በጀሪካን ይዤ በሚኒባስ ተመለስኩ። አምባዛ ብርቱ ነው፣ በትንሽ ውሃ ይኖራል፤ ግን አያርፍም። አዴት ሳንደርስ ጀሪካኑ ይንኳኳ ጀመር።

«እትዬ፣» አለ ረዳቱ፣ «እዚህ ጀሪካን ውስጥ ሰው አለ እንዴ?»

«የመንግሥት ንብረት ነው» አልኩ። የመጣልኝ እሱ ነው።

«የመንግሥት ከሆነማ ቢያንኳኳም የሚከፍትለት የለም!» አሉ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ለይታይሽ «ሌላ ዓይነት አሳ ጨምሬልሻለሁ፣ ያንቺዎቹን ያፋፋልሻል» አልኳት። ምን ዓይነት እንደሆነ አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችም። የኔታንም አልጠየቅሁም። አምባዛ ቅርፊት የለውም። በዚህ አገር ቅርፊትና ክንፍ የሌለውን የውሃ ፍጥረት መብላት እንደማይገባ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ግን የሚበላ መስሎ አልታየኝም፤ እንደ መሣሪያ ነበር ያየሁት፣ እንደ መረቡ፣ እንደ ሚዛኑ።

አራት ወር ቆየ ልል ነበር፤ ማስታወሻዬን ሳይ ስድስት ነው። በእነዚያ ስድስት ወሮች አምስት ጊዜ ሄጃለሁ። አምስቱንም ጊዜ ክንዴን እስከ ክርኔ ከትቼ ውሃውን አየሁ፣ አሳ አውጥቼ መዘንኩ፣ ቁጥር ጻፍኩ፣ ተመለስኩ። ቆሮሶዎቹ አማረባቸው። ወደ ቤቱ ግን አልወጣሁም። ማኅደርን ምን እንደበላች አልጠየቅኋትም።

የጉብኝቱ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ኩሬው ዳር ነበር። እንግዶቹ ወንበር ላይ፣ የኔታ ጥላቸውን ይዘው ከዛፍ ሥር፣ ሴቶቹ ከላይ ተዳፋቱ ላይ። መረቡ ተጣለ፣ ተሳበ። መጀመሪያ የወጡት ቆሮሶዎች በፀሐይ ሲያብረቀርቁ እልልታው ቀለጠ። አለቃዬ ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ። ከዚያ መረቡ ጭራ ላይ አምባዛዎቹ መጡ፤ ጥቁር፣ ልሙጥ፣ እንደ ክንድ የረዘሙ፣ ጢማቸውን እያወዛወዙ።

እልልታው መሀል ላይ ተቆረጠ።

«እሱ ምንድነው? ጢም አለው እኮ!»

«እባብ ነው! እባብ አስገብተውበታል!»

«ቅርፊቱ የታለ? እስኪ አገላብጡት፣ ቅርፊቱ የታለ?»

ሁሉም ወደ የኔታ ዞረ። የኔታ ብዙ አልተናገሩም። ቀረብ ብለው አዩና «ይሄስ አይሆንም» ብለው ጥላቸውን ዘቅዝቀው ሄዱ። አንዷ አሮጊት «ልጆቹ የበሉት ከዚህ ውሃ ነው?» ብለው ጮኹ። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ አላስታውስም። እንግዶቹ ፎቶ ሳያነሡ መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ይታይሽ ወደ ቤቷ ወጥታ ስትመለስ ድስቷን ይዛ ነበር። ሰው ሁሉ እያየ እጄ ላይ አስቀመጠቻት። እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምትለኝ።

«ድስትሽን ውሰጂ» አለችኝ።

የድስቷ ከንፈር የተሸረፈው ያን ጊዜ ነው፤ ቦርሳዬ ውስጥ ስከታት ከዘለበቱ ጋር አጋጨኋት።

ከዚህ በላይ ያለው ውርደት ነው፤ ውርደት ያልፋል። ከባዱ የመጣው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ማኅደር እግሯ አብጦ ሞጣ ጤና ጣቢያ ገብታለች ተባልኩ። ሮጬ ሄድኩ። ነርሷ ጥብጣቡን ስታጠብቀው ቀዩ ላይ ቆመ። ልጅቷ እንደ መጀመሪያው ቀን ዝንብ አታባርርም። ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ፤ አላወቀችኝም።

ይታይሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ታያለች።

«ትንንሾቹ የት እንደገቡ ግራ ገብቶኝ ነበር የከረመው። በወንፊት ብቀዳ፣ ብቀዳ፣ ውሃ ብቻ። ጠርሙሱ ካለቀ ስንት ጊዜው።»

አምባዛዎቹ የበሉት የማኅደርን ዱቄት ነበር። መጽሐፉ እንዳለው ጫጩቶቹን ለቅመው ጨረሱ። የቀሩት ትልልቆቹ ደግሞ ለጉብኝቱ ቀን አይነኩም ተብለው ነበር። ይህንን ያልኩት እኔ ነኝ። እናት በልጇ ፊት አሳ የሞላበት ኩሬ ይዛ ለወራት ባዶ አጥሚት አጠጣች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አንቺ መጽሐፍ ታነቢያለሽ» አለች፣ ፊቷን ሳትመልስ። «የምታውቂ መስሎኝ።»

ማኅደር ሦስት ሳምንት ተኝታ ዳነች። በየቀኑ ሄጃለሁ። ይታይሽ ወንበሩን ታስጠጋልኛለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችልኝም። ሲወጡ እስከ መናኸሪያው ሸኘኋቸው። ቻው እንኳ አልተባባልንም።

አለቃዬ ነገሩን «የግንዛቤ ክፍተት» ብለው ሪፖርት ጻፉ። እኔ ግን ወደ የኔታ ሄድኩ። ከደጃፋቸው ቆሜ ጥፋቴን ተናገርኩ።

«አንቺ ልጅ፣» አሉኝ፣ «የእኔ ቤት በር አለው። ቀድመሽ ብታንኳኪ አንድ ቃል ነበር የምነግርሽ። ለዚያች አንድ ቃል ነው ይሄ ሁሉ?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«በይ ውሃውን አፍስሺው። መሬቱ ፀሐይ ይጥገብ።»

ኩሬውን በገዛ እጄ አፈሰስኩት። አምባዛዎቹን አንድ ሳላስቀር አወጣሁ፤ ጭቃውን ገለበጥኩ፣ አመድ ነሰነስኩበት። ደርቆ ከተሰነጠቀ በኋላ ቆሮሶ ብቻ ላስገባላት ብጠይቃት ይታይሽ «ይቅር» አለች። ቦታው ላይ ጌሾ ተከለች።

በቀሩት ዓመታት በሞጣ ዙሪያ ብዙ ኩሬ አስቆፍሬአለሁ። አንዱንም በትልቅ አሳ አልለካሁም። እናቶችን የማስተምረው የይታይሽን ነው፤ በወንፊት ቅዱ፣ ሰንጥቁ፣ እጠቡ፣ አስጡ፣ ከነእሾሁ ውቀጡ። በየገበያው ድስት ስገዛ ሸክላ ሠሪዋ ሳልናገር ትንሿን ታነሣልኝ ነበር። ሴቶቹ «ይሄን ማን አገኘው?» ሲሉኝ «አንዲት እናት» እላለሁ። ስሟን ለመጥራት ፈቃዷን አልጠየቅኋትም፤ ሳልጠይቅ አንድ ጊዜ ያደረግሁት በቅቶኛል። ድስቷ መደርደሪያዬ ላይ ነበረች። እስክሪብቶ ባነሣሁ ቁጥር አያታለሁ።

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ፣ ማለዳ፣ ድስቷን ይዤ ያንን የሁለት ሰዓት መንገድ ሄድኩ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ስላልሆነ ሦስት ፈጀብኝ። ይታይሽ ጌሾዋን እየቀነጠበች ነበር። ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። ቀና ብላ አየችኝና መጀመሪያ ድስቷን ነው ያወቀቻት።

«ሰብረሽ የጣልሻት መስሎኝ ነበር።»

«ያንቺ ናት፤ ልመልስልሽ ነው። ሥራ ጨረስኩ።»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። በዚያ መሀል ረጅም፣ ደብተር የታቀፈች ልጅ ከቤት ብቅ አለች። ክንዷ ላይ አምባር አድርጋለች፤ ዓይኔ ክንዷ ላይ ቀረ።

«ማኅደር ናት» አለች ይታይሽ። «ዘጠነኛ ክፍል። አታውቅሽም።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። አፌ የለመደውን ተናገረ።

«ዛሬ ምን በላሽ?»

ማኅደር ሳቀች። «ሽሮ! ከጎረቤት በሚመጣው የአሳ ዱቄት። እማዬ ካልጨመረችበት አትሠራም እኮ። የልጅነቴ መድኃኒት ነው ትለኛለች።» ደብተሯን አስተካክላ ወደ ትምህርት ቤት ሮጠች።

ይታይሽን አየኋት። እሷ ጌሾውን ታያለች።

«ከታች ባለው ኩሬ አምና የመጣችው የቢሮሽ ልጅ ነች አሉ የምታሠራው» አለች። «አወቃቀጡን ከአንድ ባለሙያ ሴት ነው የተማርነው ብለው ሊያስተምሩኝ መጡ። ዝም ብዬ ተማርኩ።»

ተሰናብቼ ልሄድ ስል ክንዴን ያዘችኝ። በሁለት ጣቷ ዙሪያውን እንደ ጥብጣቡ አድርጋ።

«ከስተሻል» አለች። «አንቺስ ዛሬ ምን በላሽ?»

ብቻዬን ነው የምኖረው። ያን ሁሉ ዘመን ስጠይቅ ኖሬ፣ ያን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «በልቻለሁ» ልላት ነበር። ጋሽ ደምሰው ትዝ አሉኝ፤ ቁጢጥ ብለው፣ መልሱን እስኪሰሙ የማይነሡ።

«ምንም» አልኳት።

ድስቷን ከእጄ ተቀበለች። አቧራዋን እፍ አለችባት፣ የእስክሪብቶ ቀለም የያዘውን ቦታ በአመድ ፈገፈገች፣ አለቀለቀቻትና ጣደቻት። የሕፃን ድስት ናት፣ ትልቅ ሰው አታጠግብም።

ስለዚህ ሁለት ጊዜ ሠራችልኝ።